ከ2018 እስከ 2024 የፑዌብላ አገረ ገዥ ማን ነበር? አንድ የሥልጣን ዘመን፣ ስድስት ሰው

የመክፈቻ ጽሑፍ

የሜክሲኮ ግዛቶችን የአገረ ገዥዎች ዝርዝር ስታዩ ስድስት ዓመት፣ ስድስት ዓመት፣ ስድስት ዓመት እያለ የሚወርድ ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 116 አገረ ገዥ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይቆይ ይከለክላል። በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ሰው ዘመኑን ከጨረሰ በኋላ በጊዜያዊነት እንኳ ወደዚያ ወንበር አይመለስም። ፑዌብላ ላይ ስትደርሱ ግን ከ2018 እስከ 2024 ያለው አንዱ ዘመን ስድስት ሰው አሳልፏል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርታ ኤሪካ አሎንሶ ዲሴምበር 14 ቀን 2018 ቃለ መሐላ ፈጽመው የግዛቲቱ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ ሆኑ። በዐሥረኛው ቀን፣ በፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ የተሳፈሩበት ሄሊኮፕተር ኮሮናንጎ ላይ ወድቆ ከባለቤታቸው ከቀድሞው አገረ ገዥ ከራፋኤል ሞሬኖ ቫዬ ጋር ሞቱ። የግዛቱ መንግሥት ዋና ጸሐፊ ሄሱስ ሮድሪጌስ አልሜይዳ ቢሮውን በተጠባባቂነት ያዙ። በጃንዋሪ 2019 የግዛቱ ኮንግረስ ጊዬርሞ ፓቼኮ ፑሊዶን ጊዜያዊ አገረ ገዥ አድርጎ ሰየመ። ጁን 2 ልዩ ምርጫ ተካሄደና ሚጌል ባርቦሳ አሸንፈው ኦገስት 1 ሥራ ጀመሩ። ዲሴምበር 13 ቀን 2022 እሳቸውም በሥልጣን ላይ እንዳሉ አረፉ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ኃላፊዋ አና ሉሲያ ሂል ቢሮውን እስከ ዲሴምበር 15 ጠበቁ። በዚያ ቀን ኮንግረሱ ሴርሂዮ ሳሎሞን ሴስፔዴስን ተተኪ አድርጎ መረጠ። ሴስፔዴስ ዘመኑን አስጨርሰው ዲሴምበር 14 ቀን 2024 አሌሃንድሮ አርሜንታ ተረከቡ።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ስድስቱም በዝርዝሩ ይግቡ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ግን ማን እንደ መረጠው ይጻፍ። ሕዝብ የመረጠው ሁለቱን ብቻ ነው። ሁለቱን ኮንግረሱ ሰየማቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ቀድሞ በነበራቸው ኃላፊነት ምክንያት ወንበሩን ጠበቁ። ይህ ልዩነት ሳይጻፍ ስድስቱን በአንድ ዓምድ መደርደር አንባቢን ማሳሳት ይመስለኛል። እናንተስ?

የመጡት መልሶች በቅደም ተከተላቸው እነሆ።

መልስ 1። ከሜሪላንድ የጻፈች እህት በትሕትና አመስግና ጀመረች። ግራ የገባት ነገር ምክትሉ የት ሄዶ ነው የሚለው ነበር። እሷ በምትኖርበት ግዛት አገረ ገዥው ቢሞት ምክትል አገረ ገዥው ያኔውኑ ይተካዋል፤ ሕዝቡም ሁለቱን አብሮ ስለመረጣቸው ማንም አይደናገርም።

መልስ 2። ሕግ የተማረ የሚመስል ሰው መልሱን አመጣ፤ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የሜክሲኮ ግዛቶች ምክትል አገረ ገዥ የላቸውም። ወንበሩ ለዘለቄታው ባዶ ከሆነ ወሳኙ ጥያቄ መቼ ባዶ ሆነ የሚለው ነው። በዘመኑ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ከሆነ ኮንግረሱ ጊዜያዊ ሰው ይሰይምና ልዩ ምርጫ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ኮንግረሱ ራሱ ተተኪ መርጦ ዘመኑን ያስጨርሳል፣ ሕዝቡ አይጠየቅም። አሎንሶ በዐሥረኛው ቀን ስለሞቱ ሕዝቡ ዳግመኛ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደ። ባርቦሳ ዘመኑ አራት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ስለሞቱ የቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት ውሳኔ በምክር ቤቱ እጅ ወደቀ።

መልስ 3 እና 4። 3ኛው ተቃወመ። ባርቦሳ ሥራ የጀመሩት በኦገስት 2019 ስለሆነ ሰዓቱ ከዚያ መቆጠር አለበት፣ ስለዚህ ሌላ ምርጫ ይገባ ነበር አለ። 4ኛው በአጭሩ አረመው፤ ባርቦሳ የተመረጡት አዲስ ዘመን ለመጀመር ሳይሆን የአሎንሶን ዘመን ለመጨረስ ነው፣ ከኦገስት 2019 ቢቆጠር እንኳ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኗል። 3ኛው ላይክ አድርጎለት አለፈ።

መልስ 5። እዚህ ላይ ቃናው ተለወጠ። ጸሐፊው ዐሥር ቀን የቆየ ሰው አገረ ገዥ አይባልም ሲል ደመደመ። አሎንሶ አንድ በጀት አላጸደቁም፣ ካቢኔያቸው ወንበሩን ገና አላሞቀም፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ከአሎንሶ በፊት ከገዙት ከቶኒ ጋሊ ቀጥሎ ወደ ባርቦሳ ይሂድ የሚል ሐሳብ ነው። ነገሩን ለታሪክ ግድ የሌላቸው ሰዎች የስሜት ጉዳይ አድርገውታል ብሎም ጨመረ።

መልስ 6። የመለሰችለት ሴት አልራራችለትም። ሥልጣን የሚለካው በቆይታ ርዝመት ከሆነ ምርጫ ለምን ይደረጋል ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ያ የ2018 ምርጫ ምን ያህል የተፋለሙበት እንደ ነበር ዘረዘረች። አሎንሶ ባርቦሳን በአራት ነጥብ ያህል በለጡ፤ የባርቦሳ ፓርቲ ሞሬና ግን ድምፁ ተሰርቋል ብሎ ከሰሰ። የፌዴራሉ የምርጫ ፍርድ ቤት የድምፅ ወረቀቱ በሙሉ እንዲቆጠር አዘዘ፣ በመጨረሻም ዲሴምበር 8 በ4 ለ3 ድምፅ ውጤቱን አጸና። ኮንግረሱ በተቃዋሚዎቻቸው እጅ ስለነበር አሎንሶ ቃለ መሐላቸውን የፈጸሙት በግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊት ነው። በዚህ ሁሉ አልፎ የተገኘ ሥልጣን ዐሥር ቀን ነው ተብሎ አይፋቅም አለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። 5ኛው የሚለውን ብንቀበል በጁላይ 2018 ድምፅ የሰጠው ሕዝብ በታሪክ መዝገብ ላይ ምንም እንዳላደረገ ይቆጠራል።

መልስ 7። ከኒው ዮርክ የጻፈ ወንድም ክሩን ወደ ሰዎች መለሰው። በሚሠራበት ወጥ ቤት ውስጥ ካሉት አብሳዮች የሚበዙት የፑዌብላ ልጆች ናቸው፤ ከተማዋን ፑዌብላ ዮርክ እያሉ የሚጠሯት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ የሥራ ባልደረባው በ2018 ከውጭ አገር ሆኖ በፖስታ ድምፅ ሰጥቷል፤ ፑዌብላ ያኔ በውጭ ላሉ ልጆቿ የአገረ ገዥ ምርጫ ከፈቀዱት ጥቂት ግዛቶች አንዷ ነበረች። ሰውየው የመረጠውን ፓርቲ ስም እስካሁን አይናገርም፣ ድምፁ በስንት ቀን ውስጥ ከንቱ እንደ ቀረ ሲናገር ግን ዓይኑ ይቀላል አለን። ባርቦሳንና ሴስፔዴስን ያውቃል፤ ፓቼኮ ፑሊዶን ሲጠይቀው አንድ ሽማግሌ ነበሩ ከማለት ሌላ አልነበረውም። እውነትም ፓቼኮ ፑሊዶ ሲሰየሙ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር። የፑዌብላ ከተማ ከንቲባ ሆነው የሠሩ የፒሪ ፓርቲ ሰው ናቸው፤ የተመረጡትም ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙባቸው ሰው ስለሆኑ ነው።

መልስ 8። በውጭ ያለነው ኢትዮጵያውያንስ መቼ ነው ከያለንበት የምንመርጠው የሚል ጥያቄ ተነሣና ጥቂት ሰዎች ተከተሉት። ጥያቄው ትልቅ ነው፣ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል ብዬ አለፍኩት።

መልስ 9። ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ብዙዎቻችን ጋሼ የምንላቸው አባል የፑዌብላን የቆየ ታሪክ አመጡልን። ስድስት ዓመት ሙሉ የቆየ አገረ ገዥ በፑዌብላ ሁልጊዜ የተለመደ አልነበረም አሉ። አንቶኒዮ ናቫ ካስቲዮ በ1963 ሥልጣን ያዙ፤ በ1964 የወደቁት በወተት ምክንያት ነው። ወተት ሁሉ በፋብሪካ ተፈልቶ እንዲሸጥ ያስገደደው ትእዛዝ ትንንሾቹን የወተት ባለቤቶች ከገበያ የሚያስወጣ ሆነ። ገበሬዎቹ ወደ ከተማ ወጡ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ተቀላቀሏቸው፣ በኦክቶበር ማብቂያ አገረ ገዥው ለቀቁ። ቀሪውን ዘመን አሮን ሜሪኖ ፌርናንዴስ ጨረሱት።

ቀጣዩም ዘመን አልተረፈም። ጄኔራልና ሐኪም የሆኑት የቀድሞው የጤና ሚኒስትር ራፋኤል ሞሬኖ ቫዬ በ1969 ገብተው በ1972 ለቀቁ። የተኳቸው ጎንሳሎ ባውቲስታ ኦፋሪል በሜይ 1 ቀን 1973 ተማሪዎች በጥይት ከተገደሉ በኋላ መቆየት አልቻሉም። ጊዬርሞ ሞራሌስ ብሉመንክሮን እስከ 1975 አደረሱት። አንድ ዘመን፣ ሦስት ሰው። ጋሼ ያሰመሩበት ነጥብ ግን ሌላ ነው። ያኔ አገሪቱን ብቻውን ይገዛ የነበረው ፒሪ ስለሆነ አገረ ገዥ መቼ እንደሚወርድና ማን እንደሚተካው የሚወሰነው በተግባር ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ነበር፤ የግዛቱ ኮንግረስ እጁን ያወጣል እንጂ አይመርጥም። የ2019ኙን ልዩ ምርጫ ዋጋ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል አሉ።

መልስ 10። አንድ ወጣት በአክብሮት አንድ ነጥብ አስተካከለላቸው። ጋሼ የ1969ኙን ሰው በሄሊኮፕተሩ የሞቱት ሞሬኖ ቫዬ አባት ብለዋቸው ነበር፤ አያታቸው ናቸው። ጋሼ እግዜር ይስጥህ ልጄ ብለው ተቀበሉ። እንዲህ ያለ እርማት ቢበዛልን ምንኛ ጥሩ ነበር።

መልስ 11። ከዚህ እርማት የቤተሰብ ነገር ተነሣ። ጸሐፊው ስሞቹን ደረደረ። አያት በ1969፣ የልጅ ልጅ በ2011፣ የልጅ ልጁ ሚስት በ2018። ጎንሳሎ ባውቲስታ ኦፋሪልም በ1941 የገዙት የባውቲስታ ካስቲዮ ልጅ ናቸው። ማክሲሚኖ አቪላ ካማቾ በ1937 ገዙ፣ ወንድማቸው ራፋኤል በ1951፤ ሌላው ወንድማቸው ማኑኤል ደግሞ በ1940 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስለዚህ የእኔ ዓምድ ሕዝብ መረጠ ቢልም በእውነት የመረጡት ቤተሰቦች ናቸው፣ አሎንሶም የባላቸው ጥላ ነበሩ ሲል ደመደመ።

መልስ 12። 6ኛዋ እህት ተመለሰች፤ አሁን በርግጥ ተቆጥታለች። አሎንሶ የፓን ፓርቲ የግዛቱ ጽሕፈት ቤት ዋና ጸሐፊ ሆነው የሠሩ ፖለቲከኛ ናቸው፣ ሴት ስለሆኑ ብቻ በባል ስም መጥራት ነውር ነው አለችው። 11ኛው ወንድ ቢሆንም ይህንኑ እል ነበር ብሎ መለሰ። ሁለቱ ለአራት መልስ ያህል ተመላለሱ፤ ያንን እዚህ አልደግመውም። የቤተሰብ ጉዳዩ እውነት ነው፣ ችላ አልለውም፤ ግን የቤተሰብ ኃይል የድምፅ ወረቀትን አይተካም። ማክሲሚኖን ያነገሠው ጊዜ ተቃዋሚ የማያሸንፍበት ጊዜ ነበር፤ በ2010 ግን ፒሪ በፑዌብላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸነፈው በድምፅ ነው።

መልስ 13 እስከ 15። ሄሊኮፕተሩ መምጣቱ አይቀርም ነበር። 13ኛው ግድያ ነው አለ፤ ምንም ማስረጃ አላቀረበም። 14ኛው የፌዴራሉ መንግሥት ምርመራ በ2020 መውጣቱን አስታወሰው። ምርመራው የፈንጂ ምልክት አላገኘም፣ ጥፋቱን በበረራ ማረጋጊያው ሥርዓት ላይ ከተገኘ ብልሽት ጋር አያያዘው። 15ኛው ደግሞ ባርቦሳ በ2019 የተናገሩትን አነሣ። ባርቦሳ የ2018ቱን ምርጫ ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ፣ ሰረቁኝ፣ እግዚአብሔርም ቀጣቸው የሚል ይዘት ያለው ንግግር አድርገው አገሪቱ ተቆጥታባቸው ነበር። ከዚያ ንግግር በኋላ ለባርቦሳ ክብር የለኝም አለ 15ኛው። በሞተ ሰው ላይ እንዲያ መናገር በየትኛውም አገር ያማል፣ ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን ባርቦሳም ዛሬ በሕይወት የሉም፣ መልስም ሊሰጡ አይችሉም። አወያዩ ስድብ ያለባቸውን ሁለት መልሶች አንሥቶ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አሳሰበ።

መልስ 16። ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን የሚል ሰው በየክሩ አለ፤ እዚህም መጣ።

መልስ 17 እና 18። የመለሱለት ሁለቱ ጥሩ አድርገው መለሱ። 17ኛው አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሜክሲኮ አደባባይን ሳይረግጥ አላደገም አለ። ሜክሲኮ ፋሺስት ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። በሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አለ፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። 18ኛው ፑዌብላን ራሷን አመጣ። በሜይ 5 ቀን 1862 የጄኔራል ሳራጎሳ ጦር የፈረንሳይን ጦር ድል ያደረገው እዚያች ከተማ ላይ ነው፤ ከተማዋም እስከ ዛሬ በጄኔራሉ ስም ትጠራለች። ሜይ 5 በእኛ ሚያዝያ 27 ነው፣ ጣልያን በ1936 አዲስ አበባ የገባበት፣ ንጉሠ ነገሥቱም በ1941 ድል አድርገው የተመለሱበት ቀን። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ከርዕሱ ቢወጣም እንዲነሣ አልጠየቅሁም።

መልስ 19። አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ወደ ዝርዝሩ መለሰን። ከአሎንሶ በፊት የነበሩት ቶኒ ጋሊ ከፌብሩዋሪ 2017 እስከ ዲሴምበር 2018 ብቻ ገዙ፣ ዘመናቸውን ማን አቋረጠው ብሎ ጠየቀ። ማንም አላቋረጠውም። የግዛቱን ምርጫ ከአገር አቀፉ ምርጫ ጋር በአንድ ቀን ለማድረግ ሲባል ከመጀመሪያውኑ አጭር ሆኖ የተወሰነ ዘመን ነበር፤ ሕዝቡም ሁለት ዓመት የማይሞላ ሰው እየመረጠ መሆኑን አውቆ መረጠ። ጠያቂው ራሱ ባሃ ካሊፎርኒያን አስከትሎ አነሣ። እዚያም ሃይሜ ቦኒያ በ2019 በተመሳሳይ ምክንያት ለሁለት ዓመት ተመረጡ። ከምርጫው በኋላ ግን የግዛቱ ኮንግረስ ዘመኑን ወደ አምስት ዓመት ለጠጠው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2020 በሙሉ ድምፅ ሻረው፣ ቦኒያም በ2021 ለማሪና ዴል ፒላር አቪላ አስረከቡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ የክሩን ጉዳይ ከእኔ በተሻለ አስረዳ። ሕዝብ የሚመርጠው ሰውን ብቻ ሳይሆን የጊዜ ልክንም ነው፤ ያንን ልክ በኋላ ምክር ቤት ሊለውጠው አይገባም።

መልስ 20። 5ኛው ተመለሰ። በአሎንሶ ጉዳይ አልተንቀሳቀሰም፣ ግን አዲስ ነጥብ አመጣ፤ ሮድሪጌስ አልሜይዳና ሂል ተጠባባቂ እንጂ አገረ ገዥ ስላልነበሩ ስድስት ማለቴ ልክ አይደለም፣ ቢበዛ አራት ናቸው አለ። 2ኛው የሕጉ ሰው በከፊል ደገፈው፤ ቃለ መሐላ ያልፈጸመ ሰው በሕግ ፊት ማዕረጉ የለውም። እኔ አሁንም እዚያው ነኝ። ከገና ዋዜማ እስከ ጃንዋሪ ድረስ ለአራት ሳምንት ያህል የግዛቱ ፖሊስ፣ ሆስፒታልና ግምጃ ቤት ትእዛዝ የሚጠብቁት ከአንድ ሰው ነበር። ያ ሰው ከመዝገብ ከወጣ በዚያ ወር ለተደረገው ማን ይጠየቃል? በሌላ ቀለም ይጻፉ፣ በትንንሽ ፊደል ይጻፉ፣ ግን ይጻፉ።

መልስ 21። በመካከለኛው አሜሪካ በኩል አቋርጦ አሜሪካ የገባ ወንድም የሴስፔዴስን ስም የሚያውቀው ከሌላ ቦታ መሆኑን ጻፈ። ሴስፔዴስ ከፑዌብላ ከወጡ በኋላ የሜክሲኮ ብሔራዊ የፍልሰት ተቋም ኃላፊ ሆነዋል። እሱ በደቡብ ሜክሲኮ ድንበር ባለችው በታፓቹላ ከተማ ወረቀት ሲጠብቅ ኃላፊው ሌላ ሰው ነበሩ፤ አሁን እዚያ ያለ የአክስቱ ልጅ ግን ስማቸውን ከዜና እየሰማ ነው። ይህ ሰው ማን ይሆን እያለ ሲፈልግ ነው ክራችንን ያገኘው። ቀድሞ የቴፔያካ ከንቲባ እንደ ነበሩ፣ ለአገረ ገዥነት ግን አንድም መራጭ ድምፅ እንዳልሰጣቸው ከዚህ እንደ ተማረ ነገረን።

መልስ 22። የሜሪላንዷ እህት የመጨረሻ ጥያቄ አመጣች። ሴስፔዴስ ካልተመረጡ አንዴ የተመረጠ አይመለስም የሚለው ክልከላ አይነካቸውም ማለት ነው?

መልስ 23። 2ኛው መለሰላት። ዘላለማዊው ክልከላ በሕዝብ ድምፅ ለተመረጠ ሰው ነው። ዘመን እንዲያስጨርስ የተሰየመ ተተኪ ደግሞ ለቀጣዩ ዘመን ብቻ መወዳደር አይችልም። ስለዚህ ሴስፔዴስ በ2024 ምርጫ እጩ መሆን አይችሉም ነበር። የአርሜንታ ዘመን በ2030 ሲያልቅ ግን አንቀጽ 116 አያግዳቸውም። በ2019 ከሦስት መራጭ አንዱ ገደማ ብቻ በወጣበት ምርጫ ያሸነፉት ባርቦሳ ግን በሕይወት ቢኖሩም ዳግመኛ መመለስ አይችሉም ነበር። እህታችን ይህንን ካነበበች በኋላ ማን መረጠው የሚለው ዓምድ እንዲገባ ድምፅዋን ሰጠች፤ ሠንጠረዡን ከ1937 ጀምሮ እያዘጋጀሁት ነው። የ1972ንና የ1973ን ለውጦች ኮንግረሱ ያደረገባቸውን ቀናት የሚያውቅ ካለ ከዚህ በታች ይጻፍልኝ።